በሽቦ የታሰረው ፍሬን

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ነገሩ ካለፈ ከራርሟል፤ ንዴቱ ግን አላለፈም። ቃሌ ቢሻክርባችሁ ታገሱኝ። ሳይበርድልኝ ብጽፈው ይሻላል፤ ከበረደልኝማ እኔም እንደ ሌላው ሰው "ተመስገን፣ አለፈ" ብዬ አፌን እዘጋለሁ።

እመቤት እባላለሁ። የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን ደብረ ታቦር፣ አባቴ ከሚሠራበት ጋራዥ ጀርባ ነው። ወንድም ስላልነበረኝ ለአባቴ ቁልፍ አቀባዩ እኔ ነበርሁ። ትምህርቴን ስጨርስ መለዋወጫ ሱቅ ተቀጠርሁና እስካገባ ድረስ የፍሬን ሸራ፣ የላስቲክ ጎሚኒና ቱቦ ስሸጥ ኖርሁ። ባሌን አስማረንም ያወቅሁት እዚያው ነው፤ ለሌላ ሰው በሚነዳት መኪና ዕቃ ሊገዛ ይመላለስ ነበር። ከተጋባን በኋላ ያለንን አራግፈን የራሳችንን ሚኒባስ ገዛን። እሱ ነዳ፣ እኔ ቤት ያዝሁ። ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ላንሳ ስል "አንቺ ደግሞ ጋራዥሽን እርሺው" እያለ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ያኔም አልነበረም፣ አሁንም አይደለም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

የካቲት ነው፤ አርብ ቀን። ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ግቢያችን ገብተው አማቴን እማ ታንጉትን መርዶ አረዷቸው። እማ ታንጉት የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። የሞቱት ወንድማቸው አያ ሞላ ናቸው፤ ስማዳ፣ ከወገዳ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ገበሬ ነበሩ። ከአንድ እናት የቀሯቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስልኩ አይሠራም፤ መንገዱም አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ነው የከረመው። ስለዚህ ሰውየው ታመው፣ ሞተው፣ ተቀብረው፣ ሰልስታቸውም ወጥቶ ነው ወሬው በገበያ ሰው አፍ የደረሰን። እማ ታንጉት መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን እየደቁ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፈር ሳላለብሰው፣ አፈር ሳላለብሰው።

ረፋድ ላይ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ጎረቤቱም ገባ። በማግስቱ ጠዋት እማ ታንጉትን፣ የንስሐ አባታችንን ቄስ አስረስንና የእድሩን ሽማግሌዎች ይዘን በራሳችን ሚኒባስ ወገዳ ለቅሶ እንድንደርስ ተወሰነ። አስማረ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ፣ መኪናዋን ሽማግሌ ይቀመጥባታልና ጎማዋን ሳይቀር እጠቢያት አለኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ታጥቄ ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሷ ከድንኳኑ ትንሽ ራቅ ብላ ከአጥሩ ሥር ቆማለች።

ከቀኙ የፊት ጎማ ጀመርሁ። ቸርኬው፣ ጎማውን የያዘው ብረት፣ በጥላሸት ጠቁሯል። እንዲህ መሆኑ ደንብ ነው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከሸራው የሚበን ዱቄት ነው። አጥቤ ወደ ግራው ዞርሁ። የግራው ቸርኬ ከጭቃ በቀር ምንም የለበትም። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው አሾልቄ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የፍሬን ዲስክ አየሁት። ዝጓል። ዕለት ዕለት በሚሠራ መኪና ላይ ዲስክ አይዝግም፤ ሸራው እየፈተገ እንደ መስተዋት ያበራዋል። ያ ዲስክ ግን ደጅ ወድቆ እንደ ከረመ ማረሻ ቀይ ነበር።

ባልዲውን አስቀምጬ በጎኔ ተኛሁና ከሥር ገባሁ። የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ቱቦ ለሁለት ታጥፎ፣ በሽቦ ተጠምጥሞ፣ ሽቦውም በፒንሳ ተጠምዝዞ ታስሯል።

መኪና ለማታውቁ ላስረዳችሁ። ካሊፐር የሚባል ብረት አለ፤ ፔዳሉን ስትረግጡ ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር እንደ ጡጫ የሚያስጨብጠው እሱ ነው። ሆዱ ውስጥ ሸራውን የሚገፋ ፒስተን አለበት። ፒስተኑ ዝጎ ሲነክስ ሸራው አንዴ የጨበጠውን ዲስክ አልለቅም ይላል፤ ጎማው ይግላል፣ ይሸታል፣ ይጨሳል። መድኃኒቱ ፈትቶ ማጽዳት ነው። መሥራት የሰለቸው ሹፌር ግን ሸራውን በብረት ፈልቅቆ ያላቅቅና ዘይት ዳግመኛ እንዳይደርሰው ቱቦውን ያስረዋል። ከዚያ በኋላ ጎማው አይግልም። ፍሬንም የለውም።

እዚያው መሬት ላይ እንደ ተኛሁ ያለፈው ሳምንት መጣብኝ። ወደ አርብ ገበያ ከተማ ስንወርድ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትት ነበር፤ እሱ መሪውን በሁለት እጁ ጨምቆ ወደ ግራ ይመልሳታል። ምን ሆና ነው ብዬው ነበር። መንገዱ ነው አለኝ። ልጃችን ማክዳ ጋቢና ጭኔ ላይ ተኝታለች። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም በዚህችው መኪና ነው።

ተነስቼ ወደ ድንኳኑ ሄድሁና አስማረን በምልክት ጠራሁት። ከቤቱ ጀርባ ወሰድሁት።

"የግራውን የፊት ፍሬን አስረኸዋል" አልሁት።

አልካደም። ዘወር ብሎ ሰው መኖር አለመኖሩን አየና "ለጊዜው ነው" አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገና ወዲህ።"

ከዚያ ብዙ ነገር ተናገረ። ጎማው መንገድ ላይ ጨሶበት፣ ተሳፋሪ ሞልቶበት፣ መግቢያ መውጫ አጥቶ እንዳሰረው፤ መለዋወጫ እንደ ጠፋ፤ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው እየጠበቀ እንደ ነበር፤ ሦስቱ ጎማ በደንብ እንደሚይዝ፤ ሹፌሩ ሁሉ እንዲህ እንደሚነዳ። ልጅህንስ አልሁት። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው አለኝ። መቼም ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቴ ሐዘን ላይ ናት፣ ይህን ነገር ሰው ሰምቶ እንዳታዋርጂኝ አለና ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። የሹፌር ሳይሆን የባለ ሐዘን ፊት አድርጎ ሲቀመጥ ከሩቅ አየሁት።

ንዴት ብዙ ዓይነት ነው። የሚያስጮህ አለ፣ የሚያስለቅስ አለ። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። ሰውነቴ ሁሉ ቀዘቀዘ፤ እጄም ጸጥ አለ። ምን ላድርግ ብዬ አላሰብሁም። የመኪናዋን የኋላ በር ከፍቼ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን አወጣሁ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍሁ። የግራውን የፊት ጎማ ብሎኖች አላላሁ፣ በክሪክ አነሳኋት፣ ጎማውን አውልቄ ከሥሯ አጋደምሁት። ብሎኖቹን ሁሉ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁና ነጠላውን ወገቤ ላይ አሰርሁት።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አስቡት እስኪ፤ ሐዘንተኛ እግር አጥቦ፣ ውሃ አቅርቦ፣ ከፊት ከኋላ የሚላላከው ምራት ነው። የእማ ታንጉት ምራት ግን በጥቁር ቀሚስ መሬት ላይ ተንበርክካ ጎማ ትፈታለች። አንዲት ሴት ይቺ ልጅ አበደች እንዴ ስትል ሰማኋት።

አስማረ እየሮጠ መጣ። ሰው ስላለ አልጮኸም፤ በጥርሱ መሀል ነው የሚናገረው። መልሰሽ ግጠሚው አለኝ። አልገጥምም አልሁት። ብሎኖቹን ስጪኝ አለ። ወገቤ ላይ ናቸው፣ ና ፍታ አልሁት። እጁ ተነሳ። ተነስቶ ቆመ፤ አልወረደብኝም። ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ያ እጅ በእኔ ላይ ሲነሳ ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔም ካሊፐሩ የተያዘባቸውን ሁለት ብሎኖች ዓይኑ እያየ ፈታሁ፤ ካሊፐሩ በታሰረው ቱቦው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ይሄኔ ቄስ አስረስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ ይህን ነገር ለዛሬ ተይው፣ ደርሰን ስንመለስ እናንተው ትነጋገሩበታላችሁ አሉኝ። ሌላው፣ ባልሽን በሕዝብ ፊት ማዋረድ ለአንቺም አይበጅም አሉ። ስለ ፍሬኑ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። በዚያች መኪና የሚሄዱት እኮ እነሱ ናቸው።

ቄስ አስረስ ለስለስ ብለው "ልጄ፣ እስከ ዛሬ የጠበቀን አምላክ ነገም አይተወንም" አሉኝ።

"አባታችን፣ እስከ ዛሬ የጠበቀን ሳናውቅ ነው" አልኋቸው። "ከአሁን ወዲያ ግን አውቀናል። አውቀን ገብተን ጠብቀን ልንለው ነው?"

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ያን ጊዜ እማ ታንጉት ከድንኳኑ ወጡ። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል። ፊታቸው ተቧጭሮ ደም ቋጥሯል፤ ድምፃቸው ተዘግቷል። ተንጠልጥሎ የቀረውን ብረት አዩት፤ እኔን አዩኝ።

"እመቤት፣ ወንድሜን አልቀበርሁትም" አሉኝ። "ለቅሶውንም ልትነፍጊኝ ነው?"

ከሰው ሁሉ ንግግር የወጋኝ ይህ ነው።   እጄ ወደ ነጠላዬ ቋጠሮ ሄደ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልፈታው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ የማክዳ ራስ ጭኔ ላይ ሲወዛወዝ ታየኝ።

"እማ፣ ጥማድ በሬ ሲያርስ አንደኛው ቀጥ ብሎ ቢቆምና ሌላው ቢሄድ ቀንበሩ ወዴት ይዞራል?" አልኋቸው።

የገበሬ ልጅ ናቸው። ሐዘናቸው መሀል እንኳ ሆነው ነገሩን አሰቡት። "ወደ ቆመው ነዋ" አሉ።

"ይቺ መኪና እንደዚያ ናት። ፍሬን ሲያዝ ቀኟ ይቆማል፣ ግራዋ ይሄዳል። ወደ ስማዳ ስንወርድ ገደሉ ደግሞ በቀኝ ነው።"

እማ ታንጉት ወደ ልጃቸው ዞሩ።  "ታውቅ ነበር?" አሉት።

አስማረ መሬት መሬት እያየ "አውቅ ነበር" አለ።

"ማክዳን የምትወስዳት በዚህ ነው?"

 እማ ታንጉት የደገፏቸውን ሴቶች እጅ ከላያቸው አነሱ።

"እኔስ አርጅቻለሁ፤ ሞላ ዘንድ ብሄድ ግድ የለኝም" አሉት። "እሷ ምን አደረገችህ?"

 ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መኪናዋ ትድናለች ወይ አሉኝ። ፒስተኑ ከተላቀቀ ነገ ትሄዳለች፣ ካልተላቀቀ አትሄድም አልኋቸው። አስማረን፣ ሂድና የምትልህን ይዘህ ና አሉት። አዲስ ቱቦ፣ የካሊፐር ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይትና ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አሁን የሚመጣውን ስሙኝ። ከገና ጀምሮ ጠፋ የተባለውን ዕቃ ይዞ የመጣው ለሐዘንተኛው ምሳ ቀርቦ ሳይነሳ ነው። ሁሉንም። ከዚችው ከንፋስ መውጫ። በወረቀት የተጠቀለለውን ተቀብዬ ፈታሁና አዲሱን ቱቦ በእጄ ይዤ፣ ከዚህ በፊት ሱቁ ገብተህ ጠይቀህ ታውቃለህ አልሁት። አልጠየቅሁም አለኝ። እንዲህ ብቻ። አልጠየቅሁም። ዕቃ ጠፋ ቢለኝ፣ መንገድ ተዘጋ ቢለኝ፣ አጣሁ ቢለኝ ሁሉንም እረዳው ነበር። አልጠየቀም። ሽቦው ስለሚይዝ አልጠየቀም። በሕይወቴ እንደዚያ ደቂቃ ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁት ደግሞ የማፈቅረውን ሰው ነበር።

ወደ ሥራው ገባሁ። መጀመሪያ ሽቦውን በፒንሳ ፈታሁ። ሸራዎቹን አወጣሁ። ፒስተኑን በእጄ ልግፋ፣ ላሽከርክር ብል ንቅንቅ አይልም፤ ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ይመስላል። በመዶሻ የሚመታ አለ፤ ያ ግን ዕቃውን መጨረስ ነው። አባቴ የሚያደርገውን አውቃለሁ። ፒስተኑን የሚያስወጣው ራሱ ፍሬኑ ነው፤ አንድ ሰው ፔዳሉን እየደጋገመ ከረገጠ ዘይቱ ከኋላው ይገፋዋል። ለዚህ የሚረግጥ ሰው ያስፈልገኛል። አስማረ እኔ ልርገጥ ብሎ ወደ መኪናው በር ሄደ።

"አንተ ቁጭ በል" አሉት እናቱ።

ጫማቸውን አወለቁና መሪው ፊት ወጥተው ተቀመጡ። እማ ታንጉት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። እግራቸው አልደርስ ስላለ ከኋላቸው ትራስ ደገፍንላቸው። መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ይርገጡ ስል ይረግጣሉ፣ ይልቀቁ ስል ይለቃሉ። ፔዳሉ ከባድ ነው፤ ሲረግጡ ያቃስታሉ። እያቃሰቱ ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱ ይረግጣሉ። ሞላዬ ይላሉ፤ ይረግጣሉ። የሚያለቅሱት ለወንድማቸው ይሁን ለልጃቸው አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ቀስ በቀስ ወጥተው ዙሪያውን ቆሙ፤ ያ ለቅሶ ሲቀጥል እነሱም ተቀበሏቸው። እኔ ከሥር ተንበርክኬ ዓይኔን ከፒስተኑ አልነቀልሁም። አልተነቃነቀም። አልተነቃነቀም። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ የምታበራ መስመር በጠርዙ ብቅ አለች።

"ወጣ ወጣ እያለ ነው፣ እማ፤ አያቁሙ" አልኋቸው።

ፒስተኑ በስተመጨረሻ ቷ ብሎ ተፈናጠረና መሀል ያስገባሁለትን እንጨት መታ። አሮጌው ዘይት ቀሚሴ ላይ ተረጨ። የለቅሶ ቀሚሴ እስከ ዛሬ ያ ቦታ አልለቀቀም።

ፒስተኑን ገልብጬ አየሁት። ከአቧራ የሚከላከለው ጎሚኒ ተቀዷል፤ የክረምቱ ጭቃና ውሃ በዚያ ገብቶ ዙሪያውን አዝጎታል። ዝገቱ ግን ጠልቆ አልበላውም። በፍሬን ዘይት እያረጠብሁ በብርጭቆ ወረቀቱ ቀስ እያልሁ አሸሁት። ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ በወስፌ ጫፍ ሳልቧጭር ለቀምሁት። አንድ የሰፈራችን ሹፌር በቤንዚን እጠቢው ብሎ ጠርሙስ ሲያቀብለኝ መለስሁለት፤ ቤንዚን ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ዛሬ ያሳበጡት ነገ ይነክሳል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎችም ደርቀው ነበር፤ እነሱንም አጽድቼ ለዚያ የሚሆን ግራሶ ቀባሁ። አዲሱን ጎሚኒ ዘይት አስነክቼ አስቀመጥሁ፤ ፒስተኑ በአውራ ጣቴ ብቻ ተገፍቶ ገባ። አዲሱን ቱቦ ገጠምሁ። እማ ታንጉት እንደገና ረገጡ፤ እኔ ከታች ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣሁ። ቀኙንም ፈትቼ አየሁት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የነጠላዬን ቋጠሮ ፈትቼ ብሎኖቹን ለአስማረ ሰጠሁት። ጎማውን እሱ አሰረ። 

በማግስቱ ጠዋት ሰው ከመሳፈሩ በፊት አስማረ መኪናዋን ብቻውን መንገድ ላይ አወጣት። ሄዶ ፍሬን ያዘ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። እንደገና ሄዶ ያዘ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ወርዶ የግራውን ጎማ በእጁ ዳሰሰ፤ አልጋለም። ከዚያ ተሳፈርን። እማ ታንጉት ጋቢና ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከአጠገቤ የነበሩት ቄስ አስረስ ጸሎታቸውን ጀመሩ። እኔ የማየው የአስማረን እጅ ነበር። መሪውን እንዲሁ ለቀቅ አድርጎ ነው የያዘው፤ የሚጨምቀው ነገር የለም። መኪናዋ በየጠመዝማዛው ዝቅ ስትል በስተቀኝ ያለውን ገደል አየሁት። ገደሉ ያው ገደል ነው፤ ከገና ጀምሮ እዚያው ነበር።

ወገዳን አልፈን አያ ሞላ ቤት ስንደርስ እማ ታንጉት ከሩቅ ወርደው እየጮሁ ሄዱ። መቃብሩ ላይ ወድቀው በእጃቸው አፈር ዘግነው በላዩ በተኑ። ያን ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ።

ከተመለስን በኋላ አስማረ ሽማግሌ ላከብኝ። በሐዘን ቤት፣ በዘመድ ፊት አዋርዳኛለችና ይቅርታ ትጠይቀኝ ብሎ። ቄስ አስረስም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። እማ ታንጉትን ስለዚያች ሰዓት ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ የሐዘንተኛን እንባ ማስቆም ኃጢአት ነውና፤ አስማረን ግን አልጠይቅም አልሁ። ሽማግሌዎቹ ቢያባብሉኝ፣ ቢያስፈራሩኝ እንቢ አልሁ። ለብቻው ብትነግሪው ምን ነበረበት አሉኝ። ነግሬዋለሁ፣ ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ነግሬዋለሁ፤ ተነስቶ ወደ ድንኳኑ ነው የተመለሰው አልኋቸው። ከዚያ ወደ እሱ ዞርሁ።

"ሰው ፊት ባልፈታው ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ምን ታደርግ ነበር?" አልሁት።

 ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያምርለትን መናገር ይችላል፤ አልተናገረም።

"እሄድ ነበር" አለ።

ታረቅን። የታረቅነውም በዚያች እውነተኛ ቃል ነው፤ ሌላ ነገር ቢመልስልኝ አልታረቅም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የግቢያችን አጥር ሥር ዛሬ የእኔ የሥራ ቦታ ነው። ሹፌሮች ይመጣሉ። መጀመሪያ የመጡት ተሸማቀው፣ ሲመሻሽ፣ መኪናቸውን ወደ አጥሩ አስጠግተው ነው። ጎማ ሳወልቅ ሽቦ አገኛለሁ። አንዱ ቱቦውን በብሎን ደፍኖታል፤ አንዱ በፒንሳ ቆልፎ ፒንሳው እዚያው ዝጎ ቀርቷል። በእነዚህ መኪኖች ስንቱ ሙሽራ ታጅቧል፣ ስንቱ በሽተኛ ተጭኗል፣ ስንቱ ለንግሥ በዓል ተጉዟል። ሁሉም ሹፌር ያንኑ ይለኛል፤ ለጊዜው ነው። ንዴቴ የማይበርደው በዚህ ነው። እኔ የሰለቸኝ ዝገት አይደለም፤ ዝገት ይጸዳል። የሰለቸኝ ሰው ሲሞት የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ ሰው ሲተርፍ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እየተባለ በመሀሉ ሽቦውን ማን እንዳሰረው የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። እኔም አማኝ ነኝ፤ አልጾምም አልጸልይም የምል አይደለሁም። ነገር ግን እኛ በሽቦ ያሰርነውን እሱ እንዲፈታልን መጠበቅ ድፍረት ይመስለኛል።

እናንተም ከመሳፈራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ። አንዱ ዲስክ እያበራ ሌላው ከዛገ ጠይቁ። ሹፌሩ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ተሳፋሪው ረፈደብን ይላል፤ ይርፈድ።

እማ ታንጉት ዛሬም አሉ። ወደ ገበያም ሆነ ወደ ጠበል ሲሄዱ መናኸሪያ ላይ ከመሳፈራቸው በፊት ዱላቸውን ተደግፈው ያጎነብሱና አራቱንም ጎማ እየዞሩ ያያሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔ እንደማውቀው ዲስክ ከቸርኬ አይለዩም። ከዚያ ሹፌሩን በስሙ ወይም ልጄ ብለው ጠርተው "ያሰርኸው አለ?" ይሉታል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይናደዳል። እሳቸው ግን ፊቱን እያዩ መልሱን ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዓይኑን የሰበረ ሹፌር ካጋጠማቸው አይሳፈሩም።